ለመተግበሪያው የተሰጠውን መልስ ማን ይሰማዋል? የሞባይል መተግበሪያና የአትሌቶች የሥነ ልቦና ዝግጁነት፤ ዳሰሳ ለመካነ ሰላም ደጋ

የመካነ ሰላም ደጋ ለሩጫ የሚመች ምድር ነው። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ተጉዞ የሚደረስበት ይህ የደቡብ ወሎ ክፍል፣ ለጋምቦን፣ ሳይንትንና ቦረናን ይዞ፣ ሰፊው አምባው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል፤ የአምባ ፈሪት ተራራ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል፤ በስተምዕራብ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያቆለቁላል። በቆጂን የሯጮች መፍለቂያ ካደረጓት ነገሮች መካከል ከፍታው፣ ቀዝቃዛው አየርና ርቆ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት በእግሩ የሚመላለሰው ልጅ እዚህም አሉ። ሳንባን ከፍታው፣ ጉልበትን ዳገቱ ያሠለጥነዋል። በውድድር ዋዜማ እንቅልፍ የሚነሣውን ፍርሃት፣ በመጨረሻዎቹ ዙሮች «ይብቃኝ» የሚያሰኘውን ሐሳብ፣ ከጉዳት በኋላ የሚከተለውን ተስፋ መቁረጥ የሚያሠለጥን ባለሙያ ግን ለወረዳ አትሌት ቀርቶ ለብዙ የክለብ አትሌትም ብርቅ ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ ስልክ ገብቷል። አተነፋፈስን የሚመራ፣ እንቅልፍን የሚመዘግብ፣ ስሜትን በቁጥር የሚጠይቅ፣ ከውድድር በፊት የሚያረጋጋ ድምፅ የሚያሰማ መተግበሪያ ዛሬ በነጻ ይወርዳል። ባለሙያ ያላገኘውን የደጋ አትሌት ስልክ ሊደግፈው ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ ተገቢ ነው።

ማስረጃው ተሰብስቦ ሲታይ መልሱ ተስፋ የሚሰጥም የሚያስጠነቅቅም ነው። የሥነ ልቦና ክህሎት እንደ ጉልበት ሁሉ በልምምድ የሚዳብር መሆኑ በጥናት ታይቷል። ክህሎቱን በስልክ ማቀበልም ይቻላል። ብቻውን የተተወ መተግበሪያ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረሳል፤ ስልኩ ራሱም አእምሮን ያደክማል። ፍሬ የሚያፈራው መተግበሪያው ከሚታመን ሰው ጋር ሲያያዝ ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል፤ የመካነ ሰላም አሠልጣኝም ሆነ የዞን ስፖርት ኃላፊ የትኛውን መተግበሪያ እናውርድ ከማለቱ በፊት አትሌቱ በስልኩ የሚሰጠውን መልስ ማን ይሰማዋል ብሎ መጠየቅ አለበት።

የራሳችን ታሪክ የሚመሰክረው

የሥነ ልቦና ዝግጅት የሀብታም አገር ቅንጦት ለሚመስለው ሰው የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ታሪክ በቂ መልስ ይዟል። በ1993 ዓ.ም. መግቢያ በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ የኬንያውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። ከሃያ ሰባት ደቂቃ ሩጫ በኋላ ልዩነቱ ከዓይን ጥቅሻ ሲያንስ፣ በሥልጠና እኩል የደረሱ ሁለት ሰዎች በጡንቻ ብቻ ተለያዩ ማለት ያስቸግራል። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ቀነኒሳ በቀለ እጮኛውን አብረው ልምምድ ላይ ሳሉ በሞት ተነጠቀ። በመጋቢት ወር ፈረንሳይ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ፤ በነሐሴ ሄልሲንኪ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ወር ብራስልስ ላይ በ26:17.53 የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ። ከዚህ ታሪክ ሐዘን ሯጭን አይጎዳም የሚል ትምህርት መውሰድ ጭካኔ ይሆናል። የሚወሰደው ትምህርት የአንድ አትሌት ዓመት ሳንባውና እግሩ ብቻ የሚወስኑት አለመሆኑ ነው።

የቅርቡም ምስክር ከዚህ አይርቅም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ ለማራቶን በተጠባባቂነት ተይዞ ቆይቶ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ውድድሩ ሲቃረብ ተተክቶ 2:06:26 በሆነ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ ያገኘችው ብቸኛ ወርቅም ይኸው ነው። ይሮጥ አይሮጥ በማያውቅበት ወቅት ልምምዱን ሳያላላ፣ ልቡንም ሳይጥል መቆየቱ ራሱን የቻለ ክህሎት ነው። በዚያው ኦሊምፒክ ለሜቻ ግርማ በ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ከመሰናክሉ ጋር ተጋጭቶ ወድቆ በቃሬዛ ወጥቷል። እንዲህ ካለ አደጋ በኋላ አንድ አትሌት ወደ መሰናክል ሲመለስ አጥንትና ጡንቻው ከዳነ በኋላም የሚቀር ሥራ አለ። እነዚህ ሁሉ በዓለም አደባባይ ያሉ ናቸው፤ በወረዳና በክልል ውድድር ስማቸው ሳይጻፍ በፍርሃት የሚቀሩት ወጣቶች ቁጥር ግን ከእነዚህ እጅግ እንደሚበዛ መገመት አያዳግትም።

ክህሎቱ ይሠለጥናል

ተመራማሪዎች የሥነ ልቦና ዝግጁነት የሚሉት ነገር በተግባር ሲታይ የጥቂት ክህሎቶች ድምር ነው። ግብን በትናንሹ ከፋፍሎ መያዝ፣ ለራስ የሚነገረውን ቃል መምረጥ፣ ውድድሩን አስቀድሞ በሐሳብ መሮጥ፣ አተነፋፈስን በመግዛት የልብን ምት ማብረድ፣ ከመነሻው መስመር በፊት ሁልጊዜ የማይለወጥ ሥርዓት መከተል ዋነኞቹ ናቸው። ለራስ ስለሚነገር ቃል እ.ኤ.አ. በ2011 ሐድጂዮርጊያዲስና ባልደረቦቹ 32 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው መካከለኛ መጠን ያለው አዎንታዊ ውጤት አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳሙኤሌ ማርኮራ የተሳተፈበት ጥናት ደግሞ ለጽናት ስፖርት በቀጥታ የሚናገር ነው። ከ24 ተሳታፊዎች ግማሾቹ ለራሳቸው የሚናገሩትን ቃል መርጠው ለሁለት ሳምንት ሲለማመዱ፣ እስኪደክማቸው ድረስ ብስክሌት የመግፋት ጊዜያቸው በ18 በመቶ ረዘመ፤ ድካሙም ቀለል ብሎ ተሰማቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳንባቸው አልሰፋም፤ የተለወጠው ድካምን የሚያዩበት መንገድ ነው።

ይኸው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሥራ የነገሩን ግልባጭ አሳይቷል። ሰዎች ለ90 ደቂቃ አእምሮን የሚያዝል ሥራ ከሠሩ በኋላ ብስክሌት ሲገፉ፣ ልባቸውና ጡንቻቸው እንደ ወትሮው እየሠራ ከወትሮው ቀድመው ተዉ። ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ ትርጉማቸው ለአሠልጣኝ ግልጽ ነው፤ አእምሮ ሲዘጋጅ ጽናት ይጨምራል፣ ሲዝል ጽናት ይቀንሳል፣ አካሉ ግን ያው ነው። የማስረጃውን ልክ መናገርም ያስፈልጋል። ኖኤቴልና ባልደረቦቹ ልብን በአሁኑ ቅጽበት ላይ የማሳረፍ ልምምድ በስፖርት ስላለው ፋይዳ የተሠሩ 66 ጥናቶችን መርምረው ተስፋ ሰጪ ነገር ቢያገኙም የጥናቶቹን ጥራት ዝቅተኛ ብለውታል። በመሆኑም ክህሎቶቹ ይሠራሉ ማለት ይቻላል፤ ተአምር ያደርጋሉ ማለት ግን አይቻልም። የዓመት ልምምድ ያላደረገን ሯጭ የትኛውም የአተነፋፈስ ድምፅ ለአሸናፊነት አያበቃውም።

መተግበሪያው የሚችለውና የማይችለው

ለአትሌት የሚቀርቡት መተግበሪያዎች በሥራቸው ሲለዩ ሁለት ዋና ቤተሰብ ናቸው። አንደኛው ያሰማል፤ በድምፅ እየመራ አተነፋፈስን፣ መረጋጋትንና በሐሳብ መለማመድን ያስተምራል። ዘገምተኛ አተነፋፈስ፣ በደቂቃ ወደ ስድስት ጊዜ ያህል፣ ልብን የሚያረጋጋ መሆኑ በሰፊው የተጠና በመሆኑ ይህ ቤተሰብ የቆመበት መሠረት ጠንካራ ነው። ሁለተኛው ይጠይቃል፤ እንዴት አደርክ፣ ምን ያህል ተኛህ፣ ጡንቻህ ምን ያህል ዝሏል፣ ልምምዱ ከዜሮ እስከ አሥር ምን ያህል ከበደህ እያለ በየቀኑ ይመዘግባል። የሁለተኛው ጥቅም ብዙ ሰው ከሚገምተው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 አና ሳውና ባልደረቦቿ 56 ጥናቶችን መርምረው አትሌቱ ስለ ራሱ የሚሰጠው ቀላል መልስ የልምምድ ጫናን በማሳየት ከደምና ከልብ ምት ልኬቶች እንደሚሻል አግኝተዋል። ይህ ግኝት ላቦራቶሪ ለሌለው ወረዳ ትልቅ የምሥራች ነው። በውድ መሣሪያ የሚለካውን ነገር በሚገባ የተጠየቀ፣ ሳይፈራ የሚመልስ አትሌት ይነግረናል።

ጥያቄው እንዲህ ቀላል ከሆነ ደብተርና እርሳስ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። በእርግጥ ደብተር ከምንም ይሻላል፤ ስልክ የሌለው ቡድንም በደብተር መጀመር ይችላል። ስልኩ የሚጨምረው ማስታወስን ነው። ሠላሳ ልጆችን ለብቻው የሚያሠለጥን ሰው የእያንዳንዱን የሦስት ሳምንት እንቅልፍ በልቡ ሊይዝ አይችልም፤ መዝገቡ ግን የአንዲቱ ልጅ እንቅልፍ ከቀን ወደ ቀን ሲያንስ ያሳየዋል። በአጨዳና በውቂያ ወቅት ልምምድ ሲበተንና ወጣቶቹ ወደየቤተሰባቸው ማሳ ሲመለሱም፣ በወር አንዴ ወደ ከተማ ሲወጡ እንኳ የሚላክ አጭር መልስ ግንኙነቱን ያቆየዋል።

ችግሩ የሚጀምረው መተግበሪያው ብቻውን እንዲሠራ ሲጠበቅበት ነው። ባውሜልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአእምሮ ጤና የተዘጋጁ 93 የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን አጠቃቀም ተከታትለው ነበር። ከጫኑት ሰዎች መካከል በ15ኛው ቀን አሁንም የሚከፍቱት በመካከለኛ ልኬት (ሚዲያን) 3.9 በመቶ፣ በ30ኛው ቀን ደግሞ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በሌላ አነጋገር ከመቶ ሰው ዘጠና ስድስቱ በወሩ ውስጥ ትተውታል። የአንድ አትሌት የዝግጅት ወቅት ግን በወራት የሚቆጠር ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ የሥነ ልቦና ድጋፍ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ሰው የሚከታተለው ድጋፍ ሰው ከማይከታተለው የተሻለ ውጤት እንዳለው ደጋግመው አሳይተዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰው መልሱን የሚጠብቅለት ሲያገኝ ይመልሳል፤ መልሱ የትም እንደማይደርስ ሲያውቅ መመለሱን ያቆማል። አሠልጣኙ ማለዳ «ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብለሻል፤ ዛሬ ፍጥነቱን እንቀንሰው» ካላት፣ ነገም በእውነት ትመልሳለች። ለሳምንት ሙሉ መጥፎ እንቅልፍ መዝግባ ማንም ካልጠየቃት ግን መዝገቡ ዋሽቶ መሙላትን ያስተምራታል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ከስልኩ ከራሱ ይመጣል። በብራዚል ፎርቴስና ባልደረቦቹ ወንድ እግር ኳስ ተጫዋቾች ከጨዋታ በፊት በስልካቸው ማኅበራዊ ሚዲያ እንዲያዩ አድርገው፣ 30 እና 45 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ኳስ ለማን እንደሚያቀብሉ የሚወስኑበት ብቃት መቀነሱን አሳይተዋል። ይህ ከላይ ካየነው እ.ኤ.አ. የ2009 ጥናት ጋር ሲጣመር ትርጉሙ ከባድ ነው። አምስት ደቂቃ የሚያረጋጋ ድምፅ ለመስማት የተከፈተ ስልክ አትሌቱን ወደ ቲክቶክና ወደ ፌስቡክ ከጋበዘው፣ ያገኘውን በእጥፍ ያጣል። ከሽንፈት በኋላ በእነዚህ መድረኮች የሚወርደው ስድብም ሌላ ሸክም ነው፤ ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በፓሪስ አትሌቶችን በኢንተርኔት ከሚደርስባቸው ጥቃት ለመከላከል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታገዝ ክትትል እስከ ማቋቋም የደረሰው ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ጥሩ መተግበሪያ አጭር መሆን አለበት። ጥያቄውን ጠይቆ፣ ድምፁን አሰምቶ፣ መዘጋት አለበት። አትሌቱን ስልኩ ላይ ለማቆየት የተሠራ መተግበሪያ ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር ለሯጭ አይሆንም።

የደጋው እውነታ

ይህን ሁሉ ወደ መካነ ሰላም ስናመጣው የመጀመሪያው እንቅፋት መስመር ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ቆይቷል። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ የደቡብ ወሎ ሕዝብ መፈናቀልን፣ ዘረፋንና ሞትን አይቷል። በእነዚህ ዓመታት ያደገ አትሌት ከማንም በላይ የልብ ድጋፍ የሚያስፈልገው ነው፤ ኢንተርኔት ከሌለ የማይከፈት መተግበሪያ ደግሞ ልክ በሚያስፈልገው ቀን ይጠፋበታል። ለዚህ አካባቢ የሚሠራ ማንኛውም ነገር ያለ ኢንተርኔት መሥራት የመጀመሪያ መመዘኛው ነው። ድምፁ ስልኩ ላይ ወይም ሚሞሪ ካርድ ላይ የተጫነ፣ በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ፣ መልሱም መስመር ሲገኝ የሚላክ ይሁን። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ አገራችን የራሷ ልምድ አላት። በ2006 ዓ.ም. ለአርሶ አደሮች የተከፈተው የ8028 ነጻ የስልክ መስመር ቁልፍ እየተጫኑ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የግብርና ምክር መስማትን አስችሏል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪም አስተናግዷል። ስለ ማዳበሪያና ስለ ዋግ በባለ ቁልፍ ስልክ መምከር ከተቻለ፣ ስለ ውድድር ዋዜማ ፍርሃት መምከር የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው እውነታ ስልክ በደጋው ብዙ ጊዜ የግል ንብረት አለመሆኑ ነው። በተለይ የሴት ልጅ ስልክ የወንድሟ ወይም የአባቷ ስልክ ሊሆን ይችላል። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ሯጭ የውስጥ ጭንቀቷን በቤተሰብ ስልክ ላይ ትጽፋለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ከዚህ አንጻር ከዩጋንዳ የመጣ አንድ ማስረጃ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው በድምፅ የተቀዳ የአምስት ክፍለ ጊዜ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት በአንድ የስደተኞች መጠለያ በሚኖሩ ወደ 700 የሚጠጉ የደቡብ ሱዳን ሴቶች ላይ ተሞክሮ ነበር። ሴቶቹ በቡድን ተቀምጠው በራሳቸው ቋንቋ የተቀዳውን ድምፅ ይሰማሉ፤ አጭር ሥልጠና የወሰደች፣ ባለሙያ ያልሆነች አስተባባሪ ትመራቸዋለች፤ ሥዕል ያለበት መጽሐፍም ይዘው ይሄዳሉ። ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ከንጽጽር ቡድኑ ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ለደጋው ሯጭ የሚበጀው ንድፍ እዚህ አለ። ቡድኑ ከልምምድ በኋላ ተቀምጦ አንድ ድምፅ አብሮ ይሰማል፤ በአንድ ስልክና በአንድ ድምፅ ማጉያ ሃያ አትሌት ይገለገላል፤ አሠልጣኙም መሃላቸው አለ።

ሦስተኛው ቋንቋና ልማድ ነው። በውጭ አገር የተሠራ ድምፅ ወደ አማርኛ ቢገለበጥ እንኳ ሰው ልብ ውስጥ አይገባም። ወሎ የራሱ የሆነ ልብን የማረጋጋትና የማነሣሣት ሀብት አለው። መንዙማው፣ መዝሙሩ፣ ሽለላና ፉከራው ሁሉ የልብን ምት ከፍ ወይም ዝቅ የማድረግ ረጅም ልምድ ያከማቹ ናቸው። ለራስ የሚነገረውን ቃል አትሌቱ ከዚህ ሀብት ይምረጠው እንጂ ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አይሰጠው። በመዝገቡ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚህ አካባቢ ክርስቲያኑ 55 ቀን ዐቢይ ጾም ይጾማል፤ ሙስሊሙ ረመዳንን ይጾማል፤ ረመዳንም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። ጾሙን የማያውቅ መተግበሪያ በእነዚህ ወራት የሚያየውን የእንቅልፍና የጉልበት መቀነስ እንደ በሽታ ሊቆጥረው ይችላል። አካባቢውን የሚያውቅ አሠልጣኝ ግን ምክንያቱን ወዲያው ያየዋል፤ ልምምዱንም ያሸጋሽጋል። ቁጥሩን መሰብሰብ ለማሽን ይቻላል፤ ቁጥሩን መተርጎም ግን የሰው ሥራ ነው።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከኩራታችን የሚመነጭ ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከሳምንታት በኋላ ያሸነፈው በየትኛው መተግበሪያ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ መተግበሪያ አልነበረውም። ብቻውን ግን አልነበረም። የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነበር፤ ሥርዓት ያለው ሕይወት፣ አብሮት የሚሮጥ ጓድና በቅርብ የሚያውቀው አሠልጣኝ፣ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን፣ ነበሩት። የቦረና ወይም የሳይንት ወጣት ያጣው ልክ ይህን ነው። የአበበ ታሪክ ስልክን የሚቃወም ሳይሆን ስልክ ሰውን ይተካል የሚለውን አስተሳሰብ የሚቃወም ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከችግር ይነሣል። ጫማና ምግብ ያላገኘ አትሌት ስለ መተግበሪያ ምን ያወራል? ይህን የሚሉ ሰዎች በቅደም ተከተሉ ትክክል ናቸው፤ ለጫማ የተያዘ ብር ለሶፍትዌር መዋል የለበትም። ግን የተነጋገርንበት ነገር ዋጋው አነስተኛ ነው። ድምፁ አንዴ ተቀድቶ ለዓመታት ያገለግላል፤ አምስት ጥያቄ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። በሌላ በኩል ዓመት ሙሉ ለፍቶ፣ የትራንስፖርት ተከፍሎለት ባሕር ዳር ወይም ጃን ሜዳ ደርሶ፣ በመነሻው መስመር ላይ በፍርሃት የሚደርቅ ወጣት የሚያስከትለው ኪሳራ ከባድ ነው። ችግር ባለበት አገር የተለፋበትን ማባከን የበለጠ ያማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከእምነት ይመጣል፤ ጸሎትና ዱዓ ያለው ሰው ሌላ ምን ያስፈልገዋል የሚል ነው። እምነት ለአትሌቱ ሕይወት ትርጉም ይሰጣል፤ ለድሉም ለሽንፈቱም መቀበያ ልብ ይሰጣል፤ ከዚህ ጋር የሚወዳደር መተግበሪያ ሊኖር አይገባም። የክህሎቱ ሥራ ከዚህ ያነሰና የተለየ ነው። በስምንተኛው ዙር ላይ ትከሻን ማላላት፣ ተቀናቃኝ ሲያመልጥ ሐሳብን ወደ ራስ እርምጃ መመለስ፣ ከውድድር በፊት ባለው ሌሊት አተነፋፈስን ማዘግየት ነው። የሚጸልይ ገበሬ ማሳውንም እንደሚያርስ ሁሉ፣ የሚጸልይ አትሌትም አእምሮውን ያለማምዳል።

ከሁሉም የሚከብደው አራተኛው ተቃውሞ ስለ ምስጢር ነው። አትሌቱን ለውድድር የሚመርጠው አሠልጣኝ ራሱ ጭንቀቱን የሚያነብ ከሆነ፣ ማን እውነቱን ይናገራል? ይህ ተቃውሞ ትክክለኛ ነው፤ መልሱም መረጃውን ለሁለት መክፈል ነው። እንቅልፍ፣ የጡንቻ ድካምና የልምምድ ክብደት ለአሠልጣኙ ይሂድ፤ ልምምዱን የሚያስተካክለው በዚህ መረጃ ነውና። ሐዘን፣ ፍርሃት፣ የመኖር ተስፋ ማጣት ግን በምርጫ ላይ ድምፅ ወደሌለው ሰው፣ ወደ ነርስ ወይም ወደ አማካሪ ይሂድ። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ለአትሌቶች የአእምሮ ጤና ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎችን ያወጣው በዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ አንዱ አትሌቱም አሠልጣኙም ችግርን እንዲለዩበት፣ ሌላው የጤና ባለሙያ ብቻ እንዲመረምርበት የተዘጋጀ ነው። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ስለ ጤና የሚሰበሰብ መረጃ ሕግ የሚያየው ነገር ሆኗል። ለአካለ መጠን ያልደረሱ አትሌቶችን በተመለከተ የወላጅ ፈቃድ ሳይያዝ ምንም መመዝገብ የለበትም።

አምስተኛው፣ ማስረጃው ሁሉ የውጭ ነው የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ሥራ የሚጠይቅ ነው። በብሪታንያ ብስክሌት የገፋና በብራዚል ኳስ ያቀበለ ሰው በ2,600 ሜትር ላይ የሚሮጠውን የቦረና ወጣት ሙሉ በሙሉ አይወክልም። ይህን የሚፈታው መጠበቅ ሳይሆን መሞከር ነው። በደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ካምፓስ አለው። ሁለት የሥልጠና ቡድኖችን ወስዶ ለአንድ የውድድር ወቅት አንዱ በድምፅና በመዝገብ እንዲታገዝ፣ ሌላው በተለመደው መንገድ እንዲቀጥል ማድረግ፣ በመጨረሻም ሰዓታቸውን፣ ልምምድ ያቋረጡትን ቁጥርና ጭንቀታቸውን ማወዳደር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ውጤቱ ይጠቅማል ቢል እንቀጥላለን፤ አይጠቅምም ቢል ከንቱ ወጪ እናቆማለን።

ከማን እንጀምር

ማስረጃው የሚያመለክተው አሠራር እንግዲህ ትንሽና ግልጽ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ከአምስት ጥያቄና ከአምስት ደቂቃ ድምፅ የማይበልጥ መሣሪያ ይበቃል። ድምፁ በቡድን ይሰማ፤ ጥያቄው በግል ይመለስ፤ መልሱ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ በሰው ይነበብ። ለአሠልጣኙ የጥቂት ቀናት ሥልጠና ይሰጠው፤ የሥልጠናው ዋና ትምህርትም ማዳመጥ ይሁን። ከባድ ችግር ሲታይ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ከአሠልጣኙ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታልና ወደ ደሴ ያለው መንገድ መሣሪያው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ተጽፎ ይቀመጥ። ይህ መንገድ ያልተዘረጋ ከሆነ መጠየቁ ራሱ ጉዳት ነው፤ ጭንቀቱን ተናግሮ መልስ ያጣ ወጣት ካልተጠየቀው ወጣት ይልቅ ብቸኝነት ይሰማዋልና።

ለዚህም ነው ገንዘብና ጉልበት ያለው አካል፣ ፌዴሬሽንም ሆነ ዞን ወይም ዩኒቨርሲቲ፣ የመጀመሪያውን ብር በአሠልጣኞች ላይ እንዲያውል የምከራከረው። መተግበሪያ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ዛሬ የወረደው ከሦስት ዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል። ማዳመጥን የተማረ አሠልጣኝ ግን በእጁ ያለው ደብተርም ይሁን ባለ ቁልፍ ስልክ ወይም አዲስ መተግበሪያ፣ ለሁሉም ትርጉም ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት ቡድን ስልክ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ለደጋው አትሌትም እስከ ዛሬ የተነፈገውን ግማሽ ሥልጠና ሊያደርስለት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በሌለበት ግን መጀመሪያ ሰውየውን እናሠልጥን፤ መተግበሪያውን ለማውረድ ከዚያ በኋላ የአንድ ቀን ሥራ ይበቃል።